«ጽንሂ» ያለችው መምህርት

መምህርት ሰብለ ማረፏን የሰማሁት የአንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ከፍቼ ሽቦ ስበይድ ነው። የደወለው ወንድሟ ነበር፤ ከአዲስ አበባ። «አቦይ ሐጎስ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ስልክዎን ከደብተሯ ላይ አግኝቼ ነው» አለኝ። የቀረውን ሳይነግረኝ ዐወቅሁት። የሰው ደብተር በሌላ ሰው እጅ የሚገለጠው መቼ እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አይጠፋኝም። የምበይድበትን ብረት አስቀምጬ የልጅ ልጄን ብርኽቲን አየኋት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሰብለን ጉርድ ፎቶ በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቅ ነበር።

እንድትጠብቅ የነገረቻት ራሷ ሰብለ ናት።

ስለዚች ሴት ከእኔ የተሻለ ሊጽፍ የሚችል ሰው መቐለ ውስጥ የለም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት ቤት የገባሁት የተሰበረ ደወል ለመጠገን ብቻ ነው። አማርኛን ከሬዲዮ ተማርኩ፤ እንግሊዝኛን ከዕቃ ጋር ከሚመጡ የመመሪያ ወረቀቶች፤ ሒሳብን ከመብራት ቆጣሪ። ሌላው ጠጋኝ ጣሉት ያለውን ሬዲዮ እኔ አናግሬዋለሁ። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ዲግሪ ያላቸው መምህራን ወርደው ዕቃቸውን ዐዲ ሐቂ ሰፈር እኔ ሱቅ ድረስ ሲያመጡ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል። ስለዚህ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት የራሴን የልጅ ልጅ እንዴት እንደምይዝ ልታሳየኝ ስትመጣ በሩን የከፈትኩላት በግማሽ ነው።

ብርኽቲ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ በጦርነቱ ሞታለች። የአባቷን ደብዛ የሚያውቅ የለም። እኔና እሷ ቀረን። ብርኽቲ አትናገርም። የፈለገችው ነገር ሲኖር የእጇን ጀርባ ትነክሳለች፣ ያ ካልሆነ ጭንቅላቷን ከቆርቆሮው በር ጋር ታጋጫለች። ጎረቤት በበሩ ድምፅ ነው መራቧን የሚያውቀው። ጠበል ወሰድኳት፣ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የሚያስጨንቀኝ ግን የዛሬው አልነበረም። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። እኔ ስሞት ይህች ልጅ ውኃ ብትጠማ ለማን ትነግራለች? በምን ቋንቋ? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገርኩትም፤ ሰብለ ግን በመጣች በሁለተኛው ቀን ራሷ አነሣችው።

ሰብለ አጭር ሴት ነበረች። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥቁር ጃንጥላ ትይዛለች፤ ከእግሯ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ የወንድ ጫማ ታደርጋለች። በጫማው ብዙ ቀለድኩባት። ድሮ በዩኒቨርሲቲው ታስተምር ነበር፤ መናገር የማይችሉ ልጆችንም ቤታቸው እየሄደች ታሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ከሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ወጣች፤ ሲያልቅ ብቻዋን ተመለሰች። ለምን እንደተመለሰች ስጠይቃት «የጀመርኳቸው ልጆች ነበሩ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ልጅቷን አልነካቻትም። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፈለችና ስትጽፍ ዋለች። ብርኽቲ በሩን ስትመታ እኔ እንደ ልማዴ ሮጥኩ።

«አቦይ፣ አሁን ምን ሰጧት?»

«ዳቦ።»

«ትናንት ስትመታስ?»

«ዳቦ። አንዳንዴ ሙዝ። ዝም እንድትል ነዋ።»

«ዝም አለች?»

«ወዲያው።»

«እንግዲያው ጎበዝ አስተማሪ ነዎት። ዳቦ የሚጠየቀው በጭንቅላት ነው ብለው አስተምረዋታል።»

ራሴን በራሴ እንዳስተማርኩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሌላውን አበላሽተህ አስተምረሃል ያለኝ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ልቆጣ አሰብኩ፤ ወረቀቱን ሳየው ግን አቃተኝ። በመካከለኛው ዓምድ ልጅቷ ያደረገችው ተጽፏል፤ በግራ ከዚያ በፊት የሆነው፤ በቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው። በቀኙ ዓምድ ዘጠኝ ጊዜ «አቦይ ዳቦ ሰጡ» ይላል። ብልሽት እንዲህ ነው የሚፈለገው። እኔም ሬዲዮ ሲበላሽ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ነው የማየው። ያን ቀን በሩን በሙሉ ከፈትኩላት።

«ከፊት ምን ነበር? ከኋላስ ምን መጣ?» ይህ አነጋገሯ ነበር። ስትጠይቅ በእስክሪብቶዋ ጉልበቷን መታ መታ ታደርጋለች። ስለ ልጅ ብቻ አልነበረም የምትጠይቀው፤ ስለ ባጃጅ ሹፌር ቁጣም፣ ስለ ጎረቤት ጠብም ያው ናት። አንድ ቀን በእኔ ላይ አዞረችው።

«አቦይ፣ ስለ ራስዎ ማውራት ከመጀመርዎ በፊት ምን ይሆናል?»

«ምንም። ሰው ዝም ይላል።»

«ከጀመሩ በኋላስ?»

«ሰው ያዳምጠኛላ።»

«ስለዚህ እኔ ባላዳምጥዎት ይተዋሉ።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም የጠገንኩትን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ታሪክ ጀመርኩ። አልዞረችም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አልዞረችም። ተነሥቼ በእጄም በእግሬም ጭምር ማስረዳት ስጀምር ሣቋ አመለጣት። «አዩ? የለመዱት ነገር ሲቋረጥብዎት መጀመሪያ ይብሳል። ጮኹ፣ ተነሡ፣ እጅዎን አወናጨፉ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ይብሳል፣ ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ይጠፋል።»

«የእኔ አይጠፋም» አልኳት።

«የእርስዎ አይጠፋም» አለች፤ እየሣቀች።

ቀጥሎ ብርኽቲ ከሁሉ የምትወደውን ነገር ፈለገች። ጠረጴዛ ላይ ብስኩት፣ ሙዝ፣ ኳስ፣ አሻንጉሊት እየደረደረች የትኛውን ቀድማ እንደምታነሣ ትጽፋለች። ልጅቷ አንዱንም አላነሣችም። ከጠረጴዛው አልፋ ወደ እኔ መሥሪያ ሄደችና የአንዱን ሬዲዮ ማዞሪያ ይዛ በሁለት ጣቢያ መካከል አቆመችው፤ ሽሽ የሚለው ድምፅ ላይ። ጆሮዋን አስጠግታ ዐይኗን ጨፈነች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ከሰው ሬዲዮ ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰብለ ግን ወረቀቷ ላይ ከበበችው። «ደመወዟ ይሄ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በዚያ ድምፅ ተሠራ። ሰብለ ትንንሽ ሥዕሎችን በካርቶን ላይ ለጥፋ ክላሰር ውስጥ አደረገቻቸው፤ ውኃ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሬዲዮ። ልጅቷ የሬዲዮውን ሥዕል ነቅላ በእጃችን ላይ ስታስቀምጥ ያ ድምፅ ይከፈትላታል። መጀመሪያ ሰብለ ከኋላ ሆና የልጅቷን እጅ ይዛ ታሠራት ነበር። ከዚያ አንጓዋን ብቻ፣ ከዚያ ክርኗን፣ ከዚያ በአንድ ጣት ነካ፣ ከዚያ ምንም። በሦስት ወር ብርኽቲ ውኃ ሲጠማት የውኃውን ሥዕል አምጥታ ሰጠችኝ። በሩ ዝም አለ። ጎረቤቶች ልጅቷ ታማ እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ።

እኔም ይህን ለሕዝብ ማሳየት ነበረብኝ። የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠርቼ አራት ሥዕል ደረደርኩና «ዳቦ» አልኩ። ብርኽቲ ዳቦን አነሣች። «ውኃ» ስል ውኃን። አንዱ ሽማግሌ ዕንባው መጣ። በዚህ መሐል ሰብለ ከነጃንጥላዋ ገባች፤ ጥግ ይዛ ትንሽ አየችና መጣች፤ ጃንጥላዋን ከፍታ በእኔና በልጅቷ መካከል ያዘችው።

«አሁን ይጠይቋት።»

«ዳቦ» አልኩ። ልጅቷ ሙዝ አነሣች። «ውኃ» አልኩ። እንደገና ሙዝ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ነገረችኝ። «አቦይ፣ እኔ ሳሠራት ሥዕሎቹን ለይታለች። ከእርስዎ ጋር ግን ሥዕሉን አታይም። ስም ሲጠሩ አገጭዎ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። እሱን ነው የምታነበው።»

«የእኔ አገጭ ከቦታው አልተነቃነቀም።»

«ይነቃነቃል። አያፍሩበት፤ እንዲሳካላት ስለፈለጉ ነው። ግን አቦይ፣ አገጭዎ አብሯት አይኖርም።»

ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን ስትመጣ አፌንና አገጬን በነጠላ ጠምጥሜ ተቀምጬ አገኘችኝ። እያየች ቆየችና «እሺ» ብላ ወረቀቷን አወጣች። ለሁለት ወር ልጅቷን ሳሠራ እንደዚያ ነበርኩ። የመንደሩ ሰው ጥርስዎን ያመዎታል ወይ ይለኛል፤ አዎ እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አዛውንት አያደርገውም፤ እኔ አድርጌዋለሁ።

አሁን ስለዚያች ቃል ልናገር። በትግርኛ ሴትን ጠብቂ ስንላት «ጽንሒ» እንላለን፤ «ሐ» የምትለው ፊደል ከጉሮሮ ነው የምትወጣው። ለሰብለ አልወጣ አለቻት። «ጽንሂ» ትላለች፣ እንደ ሕፃን። ስንት ጊዜ አረምኳት፤ አልሆነም። እሷ ግን በዚያች በተሰበረች ቃል ብርኽቲን መጠበቅ አስተማረቻት። ሥዕል ስትሰጣት «ጽንሂ» ብላ ሁለት ቆጥራ ትሰጣታለች። ከዚያ አምስት ቆጥራ። ከዚያ አሥር። ሄዶ ሄዶ ሦስት ደቂቃ ደረሰ። ልጅቷ «ጽንሂ» ስትባል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ሳትነክስ ትጠብቃለች። እኔ በጥሩ ትግርኛ «ጽንሒ» ስላት ግን በሩን ትመታለች። በገዛ ቋንቋዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ እንደ አዲስ አበባ ሰው እየተሳሳትኩ መናገር ግድ ሆነብኝ። ሰብለ በዚህ እስኪያማት ሣቀች።

በአንድ ነገር ግን አትሥቅም ነበር። «አቦይ፣ ጽንሂ ካሉ መስጠት አለብዎት። የማይሰጡትን ነገር ጽንሂ አይበሏት። አንዴ ሁለቴ ከዋሿት ቃሉ ይሞታል። እንደገና ለመገንባት የእኔ ዕድሜ አይበቃም።»

ይህን ስትል ነገር ያለው አልመሰለኝም። ለካ ትልቁ ጫማ ለሚያብጠው እግሯ ኖሯል። ኩላሊቷ ነበር። በወረቀት ላይ ሁሉን የምትጽፍ ሴት ይህን የትም አልጻፈችውም።

የቀረው ሦስተኛ ሰው ነበር። ብርኽቲ ለእኔና ለሰብለ ብቻ ነው ሥዕል የምትሰጠው። ለሌላ ሰው መስጠት ካልቻለች ሁሉም ከእኔ ጋር እንደሚቀበር ሰብለም እኔም እናውቃለን። ሦስተኛዋ ጎረቤታችን ባለሱቋ ምሕረት እንድትሆን ተስማማን። ሱቋ ከቤታችን ሃያ እርምጃ ነው። በየቀኑ እየሄድን እንለማመዳለን፤ እኔ ውጭ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ ሰብለ የልጅቷን እጅ ወደ ምሕረት ትመራለች። ከአንጓ ወደ ክርን ደርሳ ነበር። ክርን ላይ እንዳለን ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሂጂ አሏት።

ኲሓ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘናት። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ብርኽቲን በዐይኗ ትክክል አየቻት።

«ጽንሂ» አለቻት።

«መምህርት፣ ደንብሽን አፈረስሽ» አልኳት፤ ለመቀለድ ነበር።

«አላፈረስኩም። ሁለት ሳምንት ነው አቦይ። እመጣለሁ።»

ክላሰሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የራሷን ጉርድ ፎቶ ለጥፋ ነበር፤ በኋላ፣ ልጅቷ ሰው መጥራት ስትማር ይደርሳል ብላ። ገና አላስተማረቻትም። በሄደች በሦስተኛው ቀን ብርኽቲ ያንን ፎቶ ነቅላ አምጥታ በእጄ ላይ አስቀመጠችው። ማንም እጇን አልያዛትም። እኔ ሽቦ እየበየድኩ ነበር፤ አገጬ ሬዲዮ ውስጥ ነው። ሌላውን ሥዕል ሁሉ በዳቦና በድምፅ ለወራት ለፍተን ነው ያስተማርናት። ይህን አንዱን ብቻ ከራሷ አወጣችው።

ለሰብለ በስልክ ነገርኳት። «ጻፉት» አለችኝ። «ስንት ጊዜ እንደሰጠችዎ በየቀኑ ይጻፉ። ባዶ ቀን ከመጣም ዜሮ ብለው ይጻፉ፤ ቦታውን ክፍት አይተዉት።»

ጻፍኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት። በሳምንቱ ሰባት። በሰጠችኝ ቁጥር «ጽንሂ» እላታለሁ፤ ቁጭ ትላለች። ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። በአምስተኛው ወንድሟ ደወለ።

ከዚያ ቀን በኋላ «ጽንሂ» ማለት ማቆም ነበረብኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ዐውቀዋለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሰብለ አስተምራኛለች። ግን ልጅቷ ፎቶውን በእጄ ላይ ስታስቀምጥ የምላት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ሞት የሚል ሥዕል ክላሰሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ጽንሂ» አልኩ። ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ከዚያ ሠላሳ አንድ። የእጇ ጀርባ እንደገና ቆሰለ።

በዚያ ሰሞን ራሴ ምሕረት ሱቅ ወሰድኳት። ሰብለ የጀመረችውን እኔ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው። የውኃውን ሥዕል አስይዣት ውጭ ቆምኩ። ሰዎች ነበሩ፤ ያያሉ። ልጅቷ ምሕረት ፊት ቆማ ቀረች። ዞራ አየችኝ። እኔም፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ልጄ ስትሸነፍ ማየት ስላቃተኝ፣ አገጬን ወደ ምሕረት አነሣሁ። ሥዕሉን ሰጠች። ሰዎቹ አደነቁ። እኔ ግን ምን እንዳደረግሁ ገባኝና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ጀርባዬን እንደሰጠሁ የምሕረት ድምፅ መጣ። «አቦይ ሐጎስ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

ስዞር የሰብለ ፎቶ በምሕረት መዳፍ ላይ ነው። ከኪሷ ነው ያወጣችው። ማንም ሳይመራት፣ ማንም ሳያመለክታት፣ ለሦስተኛ ሰው ሰጠች። የለፋንበት ይህ ነበር።

«ምን ልስጣት?» አለች ምሕረት። የሰብለን መሞት ታውቃለች።

«እንጃ» አልኩ።

ምሕረት ብስኩት ሰጠቻት። ብርኽቲ ብስኩቱን ባንኮኒው ላይ መልሳ አኖረችና ፎቶውን አንሥታ እንደገና መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ጽንሒ፣ ጓለይ» አለቻት ምሕረት፤ ጠብቂ ልጄ ማለቷ ነው፤ በትክክለኛው ሐ። ብርኽቲ አልሰማቻትም። እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ጽንሂ» አልኳት እኔ። ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ደቂቃ ጠበቀች። ዐሥር ደቂቃ ጠበቀች። ሰዎች በላይዋ እየተሻገሩ ገዙ፣ ሄዱ። ፀሐይ ከደጁ እስክትሸሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ተሸክሜ ወሰድኳት።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወረደ። ሃያ። ዐሥራ አንድ። አራት። ጎረቤት ሁሉ «ተመስገን፣ እየረሳች ነው» ይለኛል። እኔ ወረቀቱን አያለሁ። ይብሳል፣ ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል ያለችኝ ሴት ስለ ራሷ እንደነገረችኝ አላወቀችም። ከፎቶው ጋር ሌላውም ሄደ። ዳቦውን አታመጣም፣ ውኃውን አታመጣም። ሬዲዮውን በዚያ ድምፅ ላይ ብከፍትላት ትሰማለች፤ ካልከፈትኩ አትጠይቅም። ባለፈው ሰኞ ውኃ እየቀዳሁላት «ጽንሂ» አልኳት። ቁጭ አላለችም። ወደ ቆርቆሮው በር ሄደች።

ሌላ እንደ ሰብለ ያለ ሰው ጠይቄያለሁ። የነበሩት ሄደዋል አሉኝ። ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ወረቀቶቿን ሁሉ አነበብኩ። ራሴን በራሴ ያላስተማርኩት ነገር የለም፤ ይህንንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረድቼዋለሁ። ብልሽቱ የት እንዳለ ዐውቃለሁ። የጎደለው ዕቃ ግን የሚገዛ አይደለም።

ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ፎቶውን አላነሣችም። ቀኑ ባዶ እንደሆነ ማታ እንዳይደርስብኝ ከሰዓት በኋላ ክላሰሩን በመጨረሻው ገጽ ከፍቼ ፊቷ አኖርኩት። ከምሕረት ሱቅ ወዲህ እንደገና ጠምጥሜው የነበረውን ነጠላ ከአገጬ ፈታሁ። አየችኝ። አገጬን ወደ ሰብለ ፎቶ አነሣሁ። ዝቅ አድርጌ እንደገና አነሣሁ።

አገጬን አየችው፤ ፎቶውንም አየችው። ከዚያ ዐይኗን ወደ በሩ መለሰች።

እስክሪብቶ ፈልጌ በትናንቱ ቀን ቦታ ላይ ዜሮ ጻፍኩ።